እንግዳ ያልሆነ ይቆፍር

የሆጃር አውራ ዶሮ ጊዜ አያውቅም። የሌላው ሰው ዶሮ ጎህ ሲቀድ ጮሆ ይገላገላል፤ የእሷ ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ፣ ጉሮሮው አሸዋ የገባበት ይመስል እየተንቋረረ ይጀምራል። ከባቡር መስመሩ ወዲህ፣ አኖርዞር ሰፈር ውስጥ፣ መህሪኒሶ ይህን ጩኸት ስትሰማ የያዘችውን መጥረጊያ ታቆምና "ይኸው ደግሞ ጀመረው" ትላለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያልጮኸ ቀን ግን እጇ ሥራ አይዝላትም። ስልኩን ታነሳለች።

"ዶሮሽ ዛሬ ምን ነካው?"

"አፉን ዘግቶ እህሉን እየለቀመ ነዋ።"

"አንቺስ ደህና ነሽ?"

"እኔማ ደህና ነኝ፣ ኦፓ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምታርጂው? ሰፈር በጠበጠ እኮ።"

"ድምፁ ያምራል። አንቺ ዜማ ስለማታውቂ ነው።"

ሆጃር የመህሪኒሶ ታናሽ እህት ናት፤ ኦፓ የምትላትም ታላቅ እህቷ ስለሆነች ነው። አጥሮቹ ባይኖሩ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ሁለት መቶ እርምጃ ነው። አጥሮቹ ግን አሉና ሁለት አውቶቡስና አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በአኖርዞርና በሳንዱቅቺ ሰፈሮች መካከል ወደ ጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ የሚሄድ ሐዲድ ብቻ ነበር። ሆጃር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳንዱቅቺ ስትዳር መህሪኒሶ ሾርባ በድስት ይዛ ሐዲዱን ትሻገር ነበር፤ ሾርባውም ሳይበርድ ይደርስ ነበር። ኋላ ባቡሩ የአንድ ባለሥልጣን ላም ገጨ። ለሰው ያልታጠረው መስመር ለላሟ ታጠረ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር የሚሆን የስሚንቶ አጥር ቆመ። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ተወሰደ። አጥሮቹን ግን ማንም አላስታወሳቸውም። በመካከላቸው ያለው ሰማንያ እርምጃ የሚሰፋ ባዶ መሬት ሳማና አሮጌ ጎማ ተሸክሞ ዓመታት አለፉ። ልጆች አጥሩን እንደ ድመት ይዘሉታል። ጉልበቷን የሚያማት የሰባ ዓመት ሴት ግን አትዘልም፤ ዓይኗን ሞራ የጋረደባት የስልሳ ስምንት ዓመት እህቷም አትዘልም።

ታክሲ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። በዓመት ሁለቴ፣ በበዓል በበዓል፣ መህሪኒሶ በታክሲ ትሄዳለች። ሆጃር አፋቸው ወርቅማ የሆኑትን ሲኒዎች ታወጣለች፣ ማንም ያልተቀመጠበትን ፍራሽ ታነጥፋለች፣ እህቷን ከበሩ ርቆ ባለው የክብር ቦታ ታስቀምጣለች። ባለፈው በዓል መህሪኒሶ ሲኒ ልጠብ ብላ ብትነሳ የሆጃር ምራት ከእጇ ወሰደችባት። "ኧረ በሞቴ፣ እንግዳ ዕቃ አያጥብም" አለቻት ልጅቷ፣ ከልቧ አክብራት። መህሪኒሶ ታክሲው ውስጥ እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች። ሾፌሩ ፍሬን አጥብቆ የያዘባት መስሎት ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት። በአንድ ብርድ ልብስ ሥር አብራት ያደገችው እህቷ ቤት እንግዳ መባሏ ነበር ያንገበገባት።

በመጋቢት መጀመሪያ ከከተማው የመናፈሻ ክፍል ሙሃይዮ የምትባል ወጣት መሐንዲስ መጣች። የሁለቱንም ሰፈር ሰዎች በየተራ ሰብስባ የነገረቻቸው አጭር ነው። ባዶው መሬት ሁለት ፈላጊ አለው፤ አንዱ መናፈሻ ይሁን የሚለው የእሷ ክፍል፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያ ላድርገው የሚል ነጋዴ። የእሷ ክፍል መቶ ሃያ የሮማን፣ የፖምና የኮክ ችግኝ አለው፤ የሚተክል ሰው ግን የለውም። ቅዳሜ ሁለቱ ሰፈሮች አብረው ወጥተው እስከ ስድስት ሰዓት ችግኙን ሁሉ መሬት ካስገቡ አጥሮቹ ይፈርሳሉ፣ በመካከልም የእግር መንገድ ይወጣል። ካልሆነ ለዕለቱ የሚከፈተው ቀዳዳ ሰኞ ይደፈናል፤ መሬቱም በአዲስ አጥር ታጥሮ ለመኪናዎቹ ይሰጣል።

መህሪኒሶ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። አጥሩ አሁን ከታደሰ በእሷ ዕድሜ እንደማይፈርስ ታውቃለች።

የአኖርዞር ሽማግሌ ቱርዲቦይ ይባላል፤ በልጅነቱ መህሪኒሶ አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ወሬውን ሲሰማ ያሰበው ስለ ችግኝ ሳይሆን ስለ ኦሽ፣ ስለ ድግሱ ሩዝ፣ ነበር። ምክንያት አለው። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት በሆጃር ሠርግ ላይ ሥጋውንና ካሮቱን ከሩዝ ጋር በጎላ የሠራው የቱርዲቦይ አባት ነው፤ ያን ቀን ኦሹ ለሙሽራው ወገን፣ ለሳንዱቅቺዎች፣ ሳይዳረስ አለቀ። ሳንዱቅቺዎች ይህን አልረሱም። እስከ ዛሬ "አኖርዞር ሩዝ በፍሬ ይቆጠራል" እያሉ ያላግጣሉ። ስለዚህ ቱርዲቦይ የአባቱን ስም ሊያጥብ ተነሳ። መሬቱ ደጃችን ነው፣ ሳንዱቅቺዎች እንግዶቻችን ናቸው፣ እስኪተርፋቸው ይበላሉ፣ አካፋ ግን አንዳቸውም አይነኩም፤ እንግዳ ያሠራ ሰው ዓይኔን አይየው አለ።

በማግስቱ ሆጃር በስልክ እየሳቀች ነገረቻት። ሰው ሁሉ አካ፣ ጋሼ፣ የሚላቸው የሳንዱቅቺው ሽማግሌ አብዱቫሲትም ሁለት በግ ገዝተዋል አሉ። መሬቱ ደጃችን ነው፣ አኖርዞሮች እንግዶቻችን ናቸው፣ ኦሽ እንዴት እንደሚሠራ አይተው ይሂዱ፣ አካፋ የሚባል ነገር እንዳይነኩ ብለዋል።

መህሪኒሶ ይህን ለቱርዲቦይ መንገር ነበረባት። አልነገረችውም። ለማብላትና ለመብላት ከሆነ ከቤቱ የሚቀር የለም፣ ሰዉ ይውጣ እንጂ ሥራው አያቅትም ብላ አሰበች። ኋላ በዚህ ራሷን ረግማለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለቱም አጥር ላይ መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። በወዲህኛው ጫፍ የአኖርዞር ጎላ፣ በወዲያኛው የሳንዱቅቺ ጎላ ተጥዷል። ችግኞቹ ሥራቸው በጆንያ ተጠቅልሎ መሃል ላይ ተደርድረዋል። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ አካፋውም ዶማውም ሞልቷል። ከዚያ መከባበሩ ጀመረ።

አንድ የአኖርዞር ሰው አካፋ ያነሳል። ወዲያው አንድ ሳንዱቅቺ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ኧረ አይገባም፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት ብሎ ይቀበለዋል። የተቀበለው ሰው መቆፈር ሳይጀምር ሁለት አኖርዞሮች መጥተው፣ እኛ እያለን እንግዳ ሊሠራ ነው ወይ ብለው ይይዙበታል። አንዱ እጀታውን፣ ሌላው ብረቱን ይዞ፣ ፈገግ እያሉ፣ የልጅ የሚስት ጤና እየተጠያየቁ ሲጓተቱ አካፋው መሬት ሳይነካ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሙሃይዮ ራሷ ተናድዳ ዶማ ብታነሳ ከሁለቱም ወገን ተሯሩጠው ወንበር ላይ አስቀመጧት። በአንድ እጇ የአኖርዞርን ሻይ፣ በሌላው የሳንዱቅቺን ሻይ አስይዘዋት ሰዓቷን ማየት እንኳ አቃታት።

አዛውንቶቹማ ገና በጠዋቱ ተይዘዋል። መህሪኒሶ ከቀዳዳው ብቅ ስትል ሁለት የሳንዱቅቺ ሴቶች ክንዷን ደግፈው ወሰዷትና ጎላቸው አጠገብ ትራስ ላይ አስቀመጧት። ሆጃርን ደግሞ አኖርዞሮች ወስደው በወዲህኛው ጫፍ አስቀምጠዋታል። እህትማማቾቹ እንደገና በሰማንያ እርምጃ ተለያዩ፤ እያንዳንዷ በሌላዋ ሰፈር እንግዳ ሆና፣ ፊቷ ዳቦ ተቆርሶላት። መህሪኒሶ የእህቷን ነጭ ሻሽ ከሩቅ ታየዋለች። ሆጃር ግን ሩቅ አይታያትም፤ እህቷ ባልተቀመጠችበት በኩል እያየች ፈገግ ትላለች።

በዚህ መሃል ዶሮው ጮኸ። አራት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። መህሪኒሶ ያን ቀን በዶሮው አልሳቀችም። ሁለት ሰዓት ቀርቷል፤ አንድም ጉድጓድ አልተቆፈረም። መቀመጧ አናደዳት። እንዲህ ተከብራ፣ ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ እያላመጠች አጥሩ ሊታጠርባት ነው። ዱላዋን ተደግፋ ተነሳች፤ መሃል ድረስ ሄደችና ሁለት ሰዎች የሚጓተቱበትን አካፋ ከሁለቱም እጅ ወሰደች።

አብዱቫሲት አካ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ደረሱ። "መህሪኒሶ ኦፓ፣ ነውር ውስጥ አይክተቱን። እርስዎ የሳንዱቅቺ እንግዳ ነዎት።"

"እህቴ እናንተ ሰፈር ከገባች አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው" አለች መህሪኒሶ። "አራት ልጅ ወልዳላችኋለች። እኔ የልጆቻችሁ አክስት ነኝ። አክስት ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነችው?"

በወዲህ በኩል ቱርዲቦይ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። "ይስጡኝ፣ ኦፓ፣ ሰው ምን ይለናል?"

"አንተ ደግሞ ዝም በል። የተወለድኩት እዚሁ ነው። በገዛ ደጄ ማን ሊያስቀምጠኝ ነው? አፍንጫህን ስጠርግልህ እንግዳ ነበርኩ?"

ሁለቱም ሰፈር ሳቀ፤ ቱርዲቦይ ሳያስበው አፍንጫውን ነካ። መህሪኒሶ አካፋውን መሬት ላይ ተከለችና ዞር ዞር ብላ ሰዉን አየች።

"እንግዳ የሆነ ይቀመጥና ይብላ" አለች። "እንግዳ ያልሆነ ይቆፍር። እኔ ለማናችሁም እንግዳ አይደለሁም።" ከዚያ ቆፈረች። መሬቱ ጠጣር ነበር፤ የጣለችው አፈር ከአንድ ጭልፋ አይበልጥም። አካፋውን የሚቀበላት ግን አልነበረም፤ በምን ምክንያት ይቀበሏታል? ቀና አለችና "ሆጃር" ብላ ተጣራች። "ነይ ወዲህ፤ አንቺም እንግዳ አይደለሽም።"

ሆጃር ከትራሷ ተነሳች። "የት ነሽ?"

"ድምፄን ተከተይ።"

"ድምፅሽንማ አጥቼው አላውቅም" አለች ሆጃር፤ ሳማውን በዱላዋ እየገፋች ቀጥ ብላ መጣች።

ከዚያ ወዲያ አንድ የሳንዱቅቺ አስተማሪ ጉሮሮውን ጠረገና እናቱ የአኖርዞር ልጅ መሆኗን ተናገረ። መህሪኒሶ "ቆፍር" አለችው፤ ኮቱን አወለቀ። አንድ የአኖርዞር መኪና ነጂ በበኩሉ የወንድሙ ሚስት ከሳንዱቅቺ መሆኗን አስታወሰ፤ እሱም ተፈቀደለት። ያኔ ሰዉ ሁሉ ዝምድና ፍለጋ ገባ። የሚተዋወቀውም የማይተዋወቀውም አያቱን፣ አክስቱን፣ የአክስቱን አማት መጥራት ያዘ። በልጅነታቸው ከአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ሁለት ሽበታም ሰዎች ተገናኝተው ተቃቅፈው ቀሩ፤ ሥራው እንዳይረሳ መለያየት ነበረባቸው። አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ የአጎቱ ሚስት ወንድም አኖርዞር ውስጥ ጥርሱን እንዳስነቀለ ተናገረ። ጥርስ ማስነቀል ዝምድና አይደለም፣ ተቀመጥ ተባለ። ጋጋሪው ቅር ብሎት ካሰበ በኋላ፣ ልጅ ሳለ አጥሩን ዘሎ የአኖርዞርን ሮማን ይሰርቅ እንደነበር አመነ። መህሪኒሶ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የሰረቀ ሰው ቤተኛ ነው፣ እንግዳ አይሰርቅም ብላ ዶማ ሰጠችው።

አንዲት የሳንዱቅቺ ሴት ደግሞ ዘመድ የላትም። ንፋስ ከአኖርዞር ገመድ ላይ የነጠቀውን ልብስ ግን ከጓሮዋ እያነሳች፣ እያራገፈች፣ በአጥሩ ላይ ስትመልስ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከወዲህ በኩል አንዲት ሴት "ሰማያዊውን ሸሚዝ ወርውረሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ?" ብላ ጠየቀች። እሷ ነበረች። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ አብረው ጀመሩ፤ ከሚቆፍሩት የሚያወሩት በለጠ።

ጉድጓዱ በጉድጓድ ላይ ሲጨመር ዘመድ ያልተገኘላቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ። የቱርዲቦይ ሚስት ከቡኻራ ናት፤ የአብዱቫሲት አካም ሚስት ከሩቅ አገር ናት። እንግዳ ናቸውና ምንጣፍ ተነጠፈላቸው፤ ለአንዱ የሌላው ሰፈር ኦሽ በትሪ ቀረበለት። በሁለቱም ጫፍ ጎላው ሞልቶ ተርፏል፤ የሚበላ ጠፍቷል። ቱርዲቦይ ጨው ያንሰው እንደሆነ ብሎ አንዴ ጎረሰ። ሥጋው ይጠነክር እንደሆነ ብሎ ደገመ። ትሪውን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው አጎንብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሙኑን መቼ ነው የምትጨምሩት ብሎ ጠየቀ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ሙሃይዮ ቆጠረች። ዘጠኝ ችግኝ ቀርቷል። ሰዉ እጁ ተልጧል፣ ወገቡ ተይዟል፣ አካፋው ከብዶታል። መህሪኒሶ ትንፋሽ አጥሯት ከሽማግሌዎቹ ምንጣፍ አጠገብ ስትቆም አብዱቫሲት አካ ሲናገሩ ሰማቻቸው።

"የአባትዎን ኦሽ አልቀመስኩትም" ይሉ ነበር። "በሠርጉ ቀን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከልጆቹ ማዕድ ሳይደርስ አለቀ። ቤቴ ሄጄ ደረቅ ዳቦ በላሁ። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።"

ቱርዲቦይ አንገቱን ደፋ። "አባቴም እስኪሞት ድረስ በሌላ ሠርግ ጎላ አልጣደም" አለ።

መህሪኒሶ ምንጣፉን በዱላዋ ነካ አደረገች። "በሉ ተነሱ" አለቻቸው። "እንግዳ በልቶ ይሄዳል፣ ይረሳል። አርባ ዘጠኝ ዓመት የተቀያየመ ሰው እንግዳ አይባልም።"

ተያዩ። ተነሱም። አንድ አካፋ ነበርና ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ሙሃይዮ ሌላ አካፋ አምጥታ ለየብቻ አስያዘቻቸው። የተቀመጡት እነሱ ብቻ ስለነበሩ ያልደከማቸውም እነሱ ብቻ ናቸው፤ ያውም ኦሽ በልተዋል። ስምንቱን ጉድጓድ እየተሽቀዳደሙ ጨረሱት። ዘጠነኛውን እህትማማቾቹ አላስነኩም። መህሪኒሶ በጠዋት የጀመረችው ያው ጉድጓድ ነበር። ሆጃር የሮማኑን ችግኝ ያዘች፣ መህሪኒሶ አፈሩን በእግሯ ገፋች።

"ቀጥ ብሎ ቆሟል?" አለች መህሪኒሶ።

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ?"

ጠማማ ነበር። ሙሃይዮ ደግፋ ላቅናው ብትል ሁለቱም አይሆንም አሏት። ወረቀቷ ላይ መቶ ሃያ ብላ ጻፈች፤ አንደኛው ጠማማ መሆኑን አልጻፈችም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

አጥሮቹ በወሩ ፈረሱ፣ የእግር መንገዱም በጠማማው ሮማን በኩል ወጣ። መንገዱ በተከፈተ ማግስት መህሪኒሶ ደጇን እየጠረገች አራት ሰዓት ሆነ። ዶሮው አልጮኸም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አሁንም የለም። ስልክ ደወለች፤ ሆጃር አታነሳም። እንደገና ደወለች። መጥረጊያውን እዚያው ጥላ፣ የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ በዱላዋ እየተመረኮዘች ወጣች። በየችግኙ ሥር ሰው ሰላም ይላታል፤ ለአንዱም አልመለሰችም። መንገዱ አጭር መሆኑን ያወቀችው የእህቷን በር ስትገፋ ነው።

ሆጃር እሳት አጠገብ ተቀምጣ ድስት ታማስላለች። አጠገቧ በላባ የተሞላ ሳህን አለ።

"ስልክ አታነሺም?" አለች መህሪኒሶ።

"እጄ በላባ ተይዞ። መምጣትሽ አይቀርም ብዬ ተውኩት።"

መህሪኒሶ ድስቱን አየች፣ ሳህኑን አየች። "አረድሽው? ድምፁ ያምራል ስትዪ አልነበር?"

"ምኑ ያምራል? ራሴን ሲያዞረኝ የኖረ ነው። ከሱ በፊት የነበሩትም ሁለቱ ያው ናቸው።" ሆጃር ማማሰያውን አስቀመጠች። "ጠዋት የሁሉም ዶሮ ስለሚጮህ የእኔን አትለዪውም ብዬ ነዋ። የባሌ ሳንዱቅ ውስጥ፣ ጨለማ ላይ እዘጋበትና አራት ሰዓት ላይ እለቀዋለሁ። ያኔ ቤትሽ ጭር ይላል፤ ትሰሚዋለሽ። በሕይወት መኖሬን ታውቂያለሽ።"

መህሪኒሶ በሩ አጠገብ፣ ቤተኛ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ቁጭ አለች። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ይቅርታ የሚጠይቃት ሾፌር አልነበረም።

ኋላ አፍንጫዋን ጠረገችና "እኔ እንግዳ አይደለሁም" አለች። "ዶሮ አይታረድልኝም።"

"ላንቺ ማን አረደው?" አለች ሆጃር። "ሥራውን ጨርሶ ነው።"

ሥጋው ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት የማይበስል ሆነ፤ ሁለቱም ደህና ጥርስ የላቸውም፤ መረቁን ጠጡ። መህሪኒሶ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ምራቲቱ ከጓሮ ገብታ አየቻት፤ ልትቀበላት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ፎጣ አምጥታ አጠገቧ ቆመች፣ የታጠበውን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር።